ሕሙማን አረጋውያን ስለ ወደፊቱ ሕክምናቸው አስቀድመው ሊናዘዙት ስለሚገባ ነገር

በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚባለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው፣ ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናገርበት ነው፤ ሁለተኛው፣ ዕለተ ሞቱ መቅረቡን ያወቀ ሰው ስለ ቤቱና ስለ ንብረቱ፣ ስለ ልጆቹና ስለሚቀበርበት ስፍራ የመጨረሻ ፈቃዱን የሚገልጥበት ነው። አባቶቻችን እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ሁለቱም ሰው አንደበቱ ሳይታሰር፣ ልቡናው ሳይታወክ ሊፈጽማቸው የሚገቡ ናቸውና። ዛሬ ግን በአባቶቻችን ዘመን ያልነበረ ሦስተኛ ነገር መጥቷል። ይኸውም፣ ሰው ራሱን ስቶ በተኛበት ጊዜ ሐኪሙ ለቤተ ሰቡ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። የመተንፈሻ መሣሪያ ይደረግለት ወይስ ይቅር? እግሩ ይቆረጥ ወይስ ይተው? የኩላሊት እጥበት ይጀመርለት ወይስ በቤቱ ይረፍ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ የሚገባው የታመመው ሰው ራሱ ነበር፤ እርሱ ግን በዚያን ሰዓት አይናገርም። ሰው ገና በሚናገርበት ወራት ይህንንም ከኑዛዜው ጋራ እንዴት አድርጎ ሊያኖረው እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር አስበናል።

ይህ ነገር ለምን ዛሬ ተነሣ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በቀድሞው ዘመን ብዙውን ሰው ይወስድ የነበረው ተስቦ፣ ፈንጣጣ፣ ወባና ይህን የመሰለው ሁሉ ነበር፤ ሕመሙ ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ይቆይና ወይ ይሽራል፣ ወይ ይገድላል። ዛሬ በከተሞቻችን አረጋውያንን የሚያስጨንቁት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመምና ካንሰር ግን ከሰው ጋራ ዐሥርና ሃያ ዓመት አብረው የሚኖሩ ደዌያት ናቸው። መድኃኒቱ ይጠብቃቸዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋቸውም። እንግዲህ ለማሰብ የሚበቃ ረጅም ጊዜ ተሰጥቶናል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ ዓመት በዝምታ አሳልፈን የመጨረሻውን ውሳኔ በሌሊት፣ በሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ቆመን፣ እያለቀስን መወሰናችን ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምሩናል። ያዕቆብ በግብፅ ሳለ የሚሞትበት ዘመን እንደ ቀረበ ባወቀ ጊዜ ልጁን ዮሴፍን አስጠርቶ፣ በግብፅ ምድር እንዳይቀብረው፣ ወደ አባቶቹም መቃብር እንዲያደርሰው አማለው (ዘፍ. 47፥29—31)። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ጊዜውን ነው። ያዕቆብ መታመሙ ለዮሴፍ የተነገረው ከዚህ በኋላ በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው፤ ስለዚህ ቃል ኪዳኑ የተደረገው ሕመሙ ሳይበረታ ነበር። ደግሞም ከዐሥራ ሁለቱ ልጆቹ መካከል ሊፈጽምለት ሥልጣንና አቅም ያለውን አንዱን መረጠ፤ በኋላ ግን ያንኑ ፈቃዱን ለልጆቹ ሁሉ በአንድነት አስታወቃቸው (ዘፍ. 49፥29)። አንዱን መምረጡ ሥራው እንዳይጓተት፣ ለሁሉም መንገሩ ጠብ እንዳይነሣ ነው ብንል ከምሥጢሩ የምንርቅ አይመስለንም። ፈቃዱን ለአንድ ልጅ ብቻ በጆሮው የሚነግር አባት በልጆቹ መካከል ክርክር ትቶ ይሄዳልና።

የንጉሡ የሕዝቅያስ ታሪክም ከዚህ ጋራ የሚነገር ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሞቱን አስታውቆ ቤቱን እንዲያሰናዳ አዘዘው፤ ንጉሡም አለቀሰ፣ ጸለየም፤ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት (ኢሳ. 38)። በአገራችን ብዙ ሰዎች ስለ ሞት አስቀድሞ መናገር ሟርት ነው፤ የተናገሩት ይደርሳል ይላሉ። ሕዝቅያስ ግን ቤቱን እንዲያሰናዳ መታዘዙ ዕድሜውን አላሳጠረበትም። ደግሞም እግዚአብሔር ጸሎቱን ከሰማው በኋላ እንኳ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎትና መድኃኒት፣ ተስፋና መሰናዶ በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ጠብ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

አሁን ወደ ቅርባችን እንመለስ። አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ናት። የጅቡቲ ምድር ባቡር ያልፍባት ነበርና፣ በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ስለ ተተከሉባት፣ ከየአገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ብዙ ሰዎች ኑሯቸውን በዚያ መሥርተዋል። በወጣትነታቸው በመኪና ፊት ቆመው የዋሉት ዛሬ ጡረተኞች ናቸው። ጧት ጧት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይታያሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኪሳቸው የስኳር ወይም የደም ግፊት ኪኒን ይዘዋል።

ከእነዚህ አንዱን አባት እናስታውሳለን፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። ሠላሳ ዓመት ያህል ሸማ በሚሠራ መኪና ፊት የቆሙ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ በሰበካ ጉባኤ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የስኳር በሽታ ከያዛቸው ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ኩላሊታቸው እየደከመ መሄዱን ሐኪሙ ለታላቅ ልጃቸው ነገረው። ልጁም፣ «ለአባባ እንዳይነገር፤ ከሰሙ ይሰበራሉ» ሲል ቤተ ሰቡን ሁሉ አስጠነቀቀ፤ እኛንም አደራ አለን። እኛም አደራውን ተቀበልን። ለጥየቃ በሄድን ቍጥር «አይዞዎት፤ ይሻልዎታል» እያልን፣ ቡና ጠጥተን፣ ጸሎት አድርሰን እንመለስ ነበር። አንድ ቀን ዐይናቸውን ከእኛ ላይ ሳያነሡ፣ «አባቶቼ፣ እናንተ የምታውቁት፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ ነገሩን ወደ ዝናቡ አዞረው።

ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ስተው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሙ ልጆቹን ጠርቶ ምን ይደረግ ብሎ ጠየቀ። ታላቁ ልጅ ቤታችን ተሽጦም ቢሆን የሚቻለው ሁሉ ይደረግ አለ። ሴት ልጃቸው፣ አባባ ከቤታቸው ማደር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ በሰው አገር አልጋ ላይ አናሠቃያቸው አለች። በዚያ ሌሊት ወንድምና እኅት የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ አልሻረም። ሽማግሌው በአምስተኛው ቀን ከመሣሪያ ጋራ እንደ ተያያዙ ዐረፉ። ንስሐቸውን ፈጽመው ቅዱስ ቍርባን ለመቀበል ለፍልሰታ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ቢያውቁ ኖሮ እስከ ፍልሰታ ባልቆዩም ነበር። ቀጠሮውን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ እናውቅ ነበር።

ይህን የጻፍነው ልጁን ለመንቀፍ አይደለም። ሕመምን ከሕመምተኛው የመሰወር ልማድ በመካከላችን የኖረ ነው፤ ምንጩም ፍቅር ነው። የሞተ ዘመድ ያለው ሰው እንኳ በድንገት እንዳይደነግጥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ መርዶ የሚነግሩበት ሥርዓት አለን፤ ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን መርዶ ዘግይቶም ቢሆን ይነገራል፤ ለሕመምተኛው የተሰወረው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ከዚህም በላይ፣ ሕመምተኛው የማያውቅ ይመስለናል እንጂ ሰውነቱ ይነግረዋል። የቤተ ሰቡ ሹክሹክታ፣ የጠያቂው መብዛት፣ የልጆቹ ከመጠን ያለፈ ፈገግታ ይነግሩታል። ስለዚህ እውነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ ልጆቹም እውነቱን ለብቻቸው ይሸከማሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምሥጢር ይሆናል።

ይህን ስንል እውነትን እንደ ድንጋይ በሕመምተኛው ላይ ይወርውሩበት ማለታችን አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ «ስለ ሕመምዎ ሐኪሙ የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋሉን? ወይስ ከልጆችዎ አንዱ ቢሰማልዎት ይወዳሉ?» የሚለው ነው። አልፈልግም የሚል ይኖራል፤ ይህም ፈቃድ ነውና ሊከበርለት ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው በእርሱ ፈንታ የሚሰማውንና የሚናገረውን ሰው ብቻ ይምረጥ። ብዙዎቹ ግን ሲጠየቁ ያውቁት የነበረውን ነገር ራሳቸው ይናገራሉ።

ስለ ሕጉም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጹ፣ እንደ ግዴታ ክትባት ያለው በሕግ የታዘዘው ሳይነካ፣ ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን አልቀበልም ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ፈቃዱን የመናገር መብት የሕመምተኛው የራሱ ነው። ይኸው ሕግ ስለ ኑዛዜ በሰፊው ይናገራል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ሲሆን ግን ሁለት ይበቃሉ። ሞቱ የቀረበ መሆኑ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚናዘዘው ኑዛዜ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ስለ ትናንሽ ስጦታዎችና ስለ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆቹ ጠባቂ ብቻ ሊናገርበት ይችላል፤ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየም ይፈርሳል። ብዙ ሰው የቃል ኑዛዜ ሁሉን የሚያስር ይመስለዋልና ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

ስለ ወደፊት ሕክምና የሚጻፍ ወረቀት ምን መልክ እንዲኖረው ግን ይህ ሕግ አይዘረዝርም። ለልጅ የሚሰጥ ተራ ውክልናም ቢሆን፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ይቋረጣል፤ ማለት እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። በውክልናው ላይ ይህን አስቀድሞ ማስጻፍ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ውክልና የሚያስጽፍ ሁሉ የሕግ ዐዋቂ ቢጠይቅ መልካም ነው። እንግዲህ እኛ የምንመክረው ወረቀት የአባትን ወይም የእናትን ቃል ለልጆቻቸውና ለሐኪሙ የሚያስታውቅ ምስክር ነው እንጂ የፍርድ ቤት ሰነድ ነው አንልም። በሌላው ዓለም ይህ ነገር ሕግ ሆኖ የወጣው በቅርብ ጊዜ ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣው የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1976 ነበር። በዚያም አገር ቢሆን ወረቀቱ ብቻውን ብዙ እንዳልጠቀመ፣ የጠቀመው ከወረቀቱ በፊት በቤተ ሰብ መካከል የሚደረገው ንግግር እንደ ሆነ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ንግግሩ በደፈናው ሲሆን አይረባም። «እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» የሚለው መልስ የሁላችንም መልስ ነው፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ምን እንዲያደርግ አይነግረውም። ስለዚህ በያንዳንዱ ሕመም የሚመጣውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የስኳር በሽታን ብንመለከት፣ ብዙ ጊዜ የእግር ጣት ይቈስላል፣ ይጠቍራል፤ ሐኪሙም መርዙ ወደ ላይ እንዳይወጣ ጣቱ ወይም እግሩ ይቆረጥ ይላል። «ሙሉ አካሌን ይዤ ልቀበር» የሚሉ አረጋውያን አጋጥመውናል። እነዚህን ሰዎች አጥብቆ ማስረዳት የካህናት ሥራ ነው። የትንሣኤ ሙታን ተስፋችን በተቀበረ እግር ላይ የቆመ አይደለም። ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተቆረጠ ገድላቸው ይናገራል፤ ሥዕላቸውም በየቤተ ክርስቲያኑ በአንድ እግራቸው እንደ ቆሙ ያሳያቸዋል፤ ከክብራቸው ምን ጐደለ? በጊዜ በተቆረጠ አንድ ጣት ብዙ ዓመት መኖር ሲቻል በእንዲህ ያለ ስሕተት መሞት አይገባም። ነገሩን ከተረዱ በኋላ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አምስት ነው፤ ልቤም ደካማ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን አልችለውም የሚሉ ሰው ግን ሌላ ናቸው፤ እርሳቸውን መስማት ይገባል።

የኩላሊት እጥበትም እንዲሁ ነው። እጥበቱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል በመሣሪያ አጠገብ መተኛትን ይጠይቃል። ኩላሊቱ ካልተተካ በቀር ከተጀመረ በኋላ እስከ ዕለተ ሞት የሚቀጥል ነው። ለወጣቱና ለጎልማሳው ሕይወት ነው። ሌላም ብዙ ደዌ ላለበት ደካማ ሽማግሌ ግን የሚጨምርለት ቀን ጥቂት፣ የሚወስድበት ኃይል ብዙ ሊሆን ይችላል። ወጪውም ቤት ያሸጣል። እዚህ ላይ የገንዘቡን ነገር በግልጥ መናገር ይገባናል፤ አረጋውያን ለራሳቸው ከሚያስቡት ይልቅ ለልጆቻቸው ማደሪያ ያስባሉና፣ ልጆች ደግሞ ስለ ገንዘብ መናገር ፍቅርን መካድ ይመስላቸዋል። አባት በሕይወቱ ሳለ «ይህችን ቤት ስለ እኔ እንዳትሸጧት» ቢል፣ ልጆቹን ከዕድሜ ልክ ጸጸት ያሳርፋቸዋል። ይህን ሊል የሚገባው ግን እርሱ ራሱ ነው፤ ልጆች በአባታቸው አፍ ሊናገሩት አይገባም።

ስለ መተንፈሻ መሣሪያና ልብ ሲቆም ደረትን በመጫን ለማስነሣት ስለሚደረገው ሙከራ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። በድንገት ለወደቀ ጤነኛ ሰው የተገኘ ትልቅ ጥበብ ነው፤ በረጅም ደዌ ለደከመ አረጋዊ ግን የሚሳካው በጥቂቱ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ሕክምናን አልፈልግም ማለት ራስን መግደል አይደለምን? ይህን የሚጠይቅ ምእመን በቅን ኅሊና የሚጠይቅ ነውና በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ሕይወት የእግዚአብሔር ናት፤ ማንም የራሱን ሕይወት ሊያጠፋ፣ ሌላውም ሊያጠፋለት አይፈቀድም፤ የአገራችንም ሕግ ይከለክለዋል። ሐኪም ሕመምተኛውን ለመግደል መድኃኒት ቢሰጠው ሕመምተኛው ቢለምነውም እንኳ መግደል ነው። የሚያድን፣ የማያሠቃይ፣ በእጅ ያለ መድኃኒትንም በስንፍና ወይም በተስፋ መቍረጥ መተው ነቀፋ አለበት፤ በመጽሐፈ ሲራክ ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትም ከምድር የተፈጠረው በእግዚአብሔር እንደ ሆነ ተጽፏልና (ሲራ. 38)። ነገር ግን ሞትን ጠርቶ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ሞት በጊዜው ሲመጣ በሩን በኃይል ገፍቶ አለመያዝ ሌላ ነገር ነው። ሊያድን የማይችለውን፣ ሥቃይን ብቻ የሚያስረዝመውን መሣሪያ ይቅርብኝ የሚል ሽማግሌ የሚሞተው በደዌው ነው እንጂ በፈቃዱ አይደለም። ከልክ በላይ ሕይወትን መንጠልጠልም የትንሣኤን ተስፋ መዘንጋት እንዳይሆን እንፈራለን።

ከዚሁ ጋራ የጠበል ነገር ይነሣል። ጠበል እጠመቃለሁና ኪኒን አልውጥም የሚሉ አሉ። አምስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በኤች አይ ቪ የታመሙ ምእመናን የእንጦጦን ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው የሚታወስ ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት ሕመምተኞችም ትምህርቱ ይኸው ነው። ጾምንም በሚመለከት ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን ያሳርፋል፤ መድኃኒት በመርፌ የሚወስድን የስኳር ሕመምተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹም ማለት ጽድቅ አይደለም።

ሕክምና ይቅርብኝ ያለ ሰው እንክብካቤ ይቅርብኝ ማለቱ አይደለም፤ ይህ በብዙ ቤት የሚሳሳቱበት ነው። ሊድን የማይችልን ሕመምተኛ ሥቃዩን እያስታገሡ፣ ቍስሉን እያጠቡ፣ ቤተ ሰቡንም እያጽናኑ የሚረዱበት የሕክምና ክፍል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን እንክብካቤ አገሮች ሁሉ በጤና ሥራቸው ውስጥ እንዲያስገቡት ወስኗል፤ የአገራችንም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚሁ መመሪያ አውጥቷል። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄደ ሲረዳ ኖሯል። በኡጋንዳ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዲህ ያለውን ሥራ ጀምረው፣ ሞርፊን በውኃ ተበጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አድርገዋል። ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፣ ወይም ቶሎ ይገድላል ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሐኪም በለካው መጠን ለሥቃይ ሲሰጥ ሰውን ያሳርፋል እንጂ አይገድልም። ጌታችን በመስቀል ላይ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልተቀበለም ብለው ሥቃይን ማስታገሥ ነውር እንደ ሆነ የሚናገሩም አሉ። እርሱ መከራን የተቀበለው ስለ እኛ በፈቃዱ ነው፤ በመንገድ ስለ ቈሰለው ሰው ሲያስተምር ግን ዘይትና ወይን በቍስሉ ላይ ያፈሰሰውን ሳምራዊ አመስግኗል (ሉቃ. 10)።

አሁን የንስሐ አባቶችን ድርሻ እንናገር። በየቤቱ የሚገባ፣ የቤቱን ምሥጢር የሚያውቅ እንደ ንስሐ አባት ያለ ሰው የለም፤ ስለዚህ ንግግሩን ለመጀመር ከርሱ የተሻለ አይገኝም። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ በንስሐ የሰማው ቃል የታሰረ ነው፤ ለልጆችም ለሐኪምም ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ስለ ሕክምና የሚነገረው ነገር ከንስሐው ተለይቶ፣ ልጆች ባሉበት ይነገር። ሁለተኛ፣ ስለ ሕክምና የሚወስን እርሱ አይሁን፤ ሐኪም አይደለምና። መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ሰው ሲያለቅስ አብሮ ዝም ማለት ይበቃዋል። ጊዜውንም ይምረጥ፤ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ደኅና ሆኖ በተመለሰበት ሳምንት፣ ወይም ለዓመት በዓል ልጆች በተሰበሰቡበት ማግስት ቢሆን መልካም ነው። ነገሩ በአንድ ቀን አያልቅም። ሕመም ሲለወጥ የሰው ፈቃድ ይለወጣልና በየዓመቱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የቀድሞውን ፈቃድ መለወጥም ነውር የለበትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የነፍስ ጉዳይ እንዳይረሳ። በአፍንጫው ቱቦ የገባለት፣ መዋጥ የማይችል ሰው ሥጋውንና ደሙን ሊቀበል አይችልም። ቅዱስ ቍርባኑና ቀንዲሉ መቼ እንዲሆን ከሕክምናው ጋራ አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ለመጨረሻው ሰዓት ይቈይ ማለት ብዙ ጊዜ ይቅር ማለት ነው። እኛ ይህን የተማርነው በከባድ ዋጋ ነው።

እድሮቻችንንም አንዘንጋ። በአቃቂ ቃሊቲ ድንኳንና ወንበር፣ የቀብር ገንዘብም የሌለው እድር የለም፤ ሰው ከሞተ በኋላ የሚደረግለት ክብር ያስደንቃል። ለታመመው ግን ከጥየቃ በቀር ብዙ ሥራ አንሠራም። በህንድ አገር በኬረላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በካሊከት ከተማ ጥቂት ሐኪሞች የጀመሩት ሥራ በኋላ የሰፈር ሰዎች ሠልጥነው በየቤቱ የተኙትን ሕሙማን የሚጠይቁበት፣ ነርስም ይዘው የሚሄዱበት ትልቅ ማኅበር ሆኗል። እኛ ማኅበሩ አለን፣ ሰንበቴው አለን፣ እድሩ አለን፤ ለመሥራት የቀረው የቀብሩን መዝገብ አንድ ገጽ ወደ ፊት መግለጥ ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን እድሮቻችን ሕሙማንን እንደ ረዱ እናስታውሳለንና የማይቻል አይደለም።

ከላይ የጠቀስናቸው የሽማግሌው ባለቤት ዛሬም በሕይወት አሉ። እርሳቸውም የስኳር በሽታና የደም ግፊት አለባቸው። ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ልጆቻቸውን ሁሉ ሰብስበው እኛንም አስጠሩን። በፊታችንም፣ «እኔ መናገር ባልችል የምትናገርልኝ ሴት ልጄ ናት» አሉ። ታላቁ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። «እማዬ፣ እኔ አልወድሽምን?» አለ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «አንተ ትወደኛለህ፤ መሰናበት ግን አትችልም» ሲሉ መለሱለት። እርሱም አለቀሰ፤ እኅቱም ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከአባታቸው ሞት ወዲህ በአንድ መደብ ላይ ሲቀመጡ ስናያቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የልጅ ልጃቸው ቃላቸውን ጻፈች። በቤታቸው መሞት እንደሚወዱ፤ ሥቃይ ከበዛባቸው ግን ወደ ሆስፒታል ቢወስዷቸው እንደማይከፋቸው፤ የትንፋሽ መሣሪያ እንዳይደረግላቸው፤ እግራቸው ቢጠቍርና ሐኪሙ ቢያዝ ይቆረጥ እንዳሉ፤ ቅዱስ ቍርባናቸውን እንዳያስተጓጕሉባቸው አጻፉ። ሁለት የእድሩ ዳኞች ፈረሙበት። ወረቀቱን ከእድሩ ደብተርና ከሕክምና ካርዳቸው ጋራ አድርገው፣ ለመግነዣ ያስቀመጡት አዲስ ነጠላ ባለበት ሣጥን ውስጥ አኖሩት፤ አንዱን ግልባጭ ለሐኪማቸው እንድታደርስ ለልጃቸው ሰጧት። ስለ ኩላሊት እጥበት በተጠየቁ ጊዜ ግን፣ «እሱን ገና አላሰብሁበትም፤ ባሌን አይቼ የፈራሁት ነገር ነው» አሉ። ጸሓፊዋም በዚያ መስመር ላይ ምንም ሳትጽፍ ባዶውን ተወችው። ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም እንድንመለስ ቀጥረውናል።